ከግድግዳው ወዲያ ያለው ዲጄ

ላልሰማችሁ መጀመሪያ ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወደ ነገሩ እገባለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። ባሌ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፣ የምኖረው ግን አሁንም በእናቱ ቤት ነው። የስፌት መኪናዬ የተተከለችው መንገድ ዳር ባለችው ክፍል ነው። ሙሽሮች ቬሎ ይለካሉ፣ ሚዜዎች ዚፕ ያስቀይራሉ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ስረግጥ እውላለሁ። ከመኪናዋ በላይ የባሌ ፎቶ አለ። የሰቀሉት አማቴ ናቸው። "እያየሽው ሥሪ" አሉኝ የሰቀሉት ቀን። እኔ መቼ አየዋለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ነው የምሠራው። እሱ ነው አሥራ አንድ ዓመት ሲያየኝ የኖረው።

አማቴ ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ትኩሳት የጣለኝ ጊዜ ሦስት ቀን ከራስጌዬ ሳይነሱ፣ ውሃ በማንኪያ ሲያጠጡኝ ከርመዋል። "ልጄን ብቀብርም አንቺ አለሽኝ" ይላሉ። ይህችን ቃል በተናገሩ ቁጥር አንድ በር ከኋላዬ የሚዘጋ ይመስለኛል። ገበያ ስሄድ "ቶሎ ነይ" ይሉኛል። ስመለስ በሩ ላይ ቆመው አገኛቸዋለሁ። አይቆጡም። "መጣሽልኝ?" ብቻ ነው የሚሉት። እንደዚህ የምትባል ሴት ወዴት ትሄዳለች?

ከግድግዳዬ ወዲያ ያለችውን ክፍል ከሁለት ዓመት በፊት የተከራየው ዲጄ ነው። ወደ ሃምሳው እየተጠጋ ነው፣ ጸጉሩ ከጎንና ከጎን ሸብቷል። ሰፈሩ "ዝምታ" ይለዋል። በሥራው ያን ሁሉ ጩኸት እያወጣ ከአፉ ግን ቃል በመከራ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ጠልቼው ነበር። አንዲት ቁራጭ ሙዚቃ፣ የጣት ጫፍ የማታህል፣ አርባ ጊዜ ይመላልሳታል። ያቆማል፣ እንደገና። ያቆማል፣ እንደገና። በሦስተኛው ቀን የጨርቅ መለኪያ እንጨቴን አንስቼ ግድግዳውን ደበደብኩት። ግድግዳ ስላችሁ ጣውላ ነው፣ ያውም ስስ። ወዲያው መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ።

"ረበሽኩዎት?"

"ሰውዬ፣ ይሄ ዘፈን መጨረሻ የለውም?"

"መጨረሻውማ አለው። ከሚቀጥለው ጋር አልጋጠም ብሎኝ ነው።"

"ታዲያ ይተዉታ።"

"እርስዎ እጅጌ አልገጥም ሲልዎ ይተዉታል?"

 እጅጌ አልገጥም ሲለኝ ተርትሬ እንደገና ነው የምሰፋው። ሙሽራዋ ባታውቀው እኔ አውቀዋለሁ። እንጨቴን አስቀመጥኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ጆሮዬ ከጣውላው አልተነቀለም።

አሠራሩን ቀስ በቀስ ነው ያወቅሁት። ከሰርግ በፊት የሙሽራውም የሙሽሪትም ቤት ይሄዳል። ከትልልቆቹ አጠገብ ይቀመጥና ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው፣ ምን ሲከፈት ነው እናትየው ከወንበሯ የምትነሳው? ሁለተኛው፣ በዚህ ቤት የማይከፈተው ዘፈን የቱ ነው? ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሌላ ዲጄ አላውቅም። አንድ ቤት አባትየው ሲያርፉ ሬዲዮ ላይ የነበረ ዘፈን ነበር። ሌላ ዲጄ ሳይጠይቅ ከፈተውና ሰርጉን ልቅሶ አድርጎት ወጣ። ዝምታ ግን የጠየቀውን በደብተር ይጽፋል፣ ሳምንት ሙሉ ይሠራል፣ ሰርጉ ሲያልቅ ያጠፋዋል። ለምን ብዬ ብጠይቀው "ለአንዷ የተለካ ቬሎ ለሌላዋ አይሆንም፣ አንቺ ነሽ ይሄንን የምታውቂው" አለኝ።

ያንን ሰርግ ልቅሶ ያደረገው ዲጄ ደግሞ ከቤታችን ነው። የባሌ ታናሽ ወንድም። ሰፈሩ "ፎቶኮፒ" ይለዋል። የሰው ሥራ ከስልክ ያወርዳል፣ መሃሉ ላይ የራሱን ስም ይጮሃል፣ በቃ። ስሙን የሚጮኸው ግን ራሱ ነው፣ እሱን አልክደውም።

በዝምታ ፍቅር የተያዝኩበትን ቀን አስታውሰዋለሁ። እየሰፋሁ ሳለ በጣውላው በኩል "ሰባተኛዋ ላይ ታነክሳለች" አለኝ።

"ማን?"

"መኪናሽ።"

እግሬ ቆመ። እውነቱን ነው፣ መኪናዬ በየሰባተኛዋ ስፌት አንዴ ትንሽ ታነክሳለች። ሁለት ጠጋኞች ከፍተው ገጥመዋታል፣ ሁለቱም "ምንም የለባት" ብለው ሄደዋል። ይሄንን የማውቅ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር። ለካ አንድ ሰው ከጣውላው ወዲያ ቁጭ ብሎ ሲሰማኝ ኖሯል። እንኳን መልስ ልሰጠው፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ።

*

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት በግድግዳ አወራን። አማቴ ወንበራቸው ከውስጠኛው በር ላይ ነው፣ ስለዚህ ቃላችን አጫጭር ነበር፤ እኔ በመኪናዋ ድምፅ ሥር፣ እሱ በሙዚቃው ሥር። ዐይን ለዐይን የተያየነው ግን ጥቂት ነው። አንዴ ግቢ ውስጥ ቧንቧው ጋ ተገናኘን። ባልዲዬ እስኪሞላ ጣቶቼን አየ፣ መርፌ የወጋጋቸውን።  ባልዲው ሞልቶ እስኪፈስ ሁለታችንም አላየነውም።

አንድ ማክሰኞ ሱሪ ይዞ መጣ። አማቴ ቁጭ ብለዋል።

"እትዬ፣ ይሄን ያሳጥሩልኝ" አለኝ፣ እንደማንኛውም ደንበኛ።

ኪሱ ውስጥ ፍላሽና ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። ማንበብ እንደማልወድ ስለሚያውቅ በትልልቁ ነው የጻፈው። "ሱሪው ምንም አይፈልግም። ይሄንን ስሚልኝ።" እኔ ግን አማቴ እያዩኝ ምን ላድርግ፣ ሁለት ጣት አሳጠርኩለት። እስከ ዛሬ ቁርጭምጭሚቱ እየታየ ነው የሚሄደው።

ፍላሽ የምሰማበት ዕቃ የለኝም። ያለው ፎቶኮፒ ክፍል ነው። ሐሙስ ጠዋት እናቱን ይዞ ሐኪም ቤት ሄደ፣ ቤቱ ባዶ ሆነ። ክፍሉ ገባሁ፣ ማጫወቻው ላይ ሰካሁት፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የመርገጫዬ ድምፅ መጣ። የኔ እግር። ከዚያ መኪናዋ። ከሥሯ አንድ ከበድ ያለ ምት አስገባ፣ ቀጥሎ የድሮ ዜማ፣ ቃል የሌለው። ሌላ ሰው ቢሆን ማነከሷን ቆርጦ ይጥላት ነበር። እሱ አልቆረጣትም። ዜማው ሁሉ ሰባተኛዋ ጋ ሲደርስ ቆም ይልና ይጠብቃታል፤ እግሩ የታመመ ወዳጁን መንገድ ላይ ዞር ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ አብረው ይቀጥላሉ። ሰባት ደቂቃ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አፌን በመዳፌ ይዣለሁ።

ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ረጅም ጸጥታ አለ። አበቃ ብዬ ልነሳ ስል ድምፁ መጣ፣ የራሱ።

"ይሄ ያንቺ ነው። እኔ ጋ ሌላ የለም፣ አጥፍቼዋለሁ። ነይ ብዬ አልገፋሽም፤ ምን እንዳሰረሽ አውቃለሁ። ከመጣሽ ግን ተደብቀሽ አትምጪ። በፊት ለፊት በር ነይ።"

የግቢው በር ሲንቋቋ ተስፈንጥሬ ወጣሁ። ፍላሹን ማጫወቻው ላይ ረስቼው ነው የወጣሁት። ያን ቀን ሙሉ ፎቶኮፒ ከክፍሉ አልወጣም። በማግስቱ ፎቶኮፒ ለምሳ ሲቀመጥ ገብቼ አየሁ፤ ፍላሹ እንደተሰካ ነው። ነቀልኩት፣ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ማንም አላየብኝም ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ። መልስ ግን አልሰጠሁም። በጣውላው በኩል ሁለቴ "ሰማሽው?" አለኝ፣ ሁለቴም ፔዳሌን ረገጥኩ። እሺ ልል ቀና ስል ፎቶው ያየኛል፣ ከውስጥ ደግሞ "ልጄ፣ የት ነሽ?" ይሉኛል። እዚህ ነኝ እላለሁ። ሁልጊዜ እዚህ ነኝ።

*

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ለብሳ ቆማለች፣ እኔ ከእግሯ ሥር ተንበርክኬ ጠርዙን በስፒል እይዛለሁ። ስልኳን ከፈተች።

"እትዬ፣ ይሄን ሰምተሻል? አሁን በየሰርጉ ይሄው ነው።"

መኪናዬ ናት። ከነመርገጫዬ፣ ከነማነከሷ። በላዩ ላይ ሰው ይጮሃል፣ ያፏጫል፣ ይጨፍራል፤ ስም ተጠርቶ ቢሆን እንኳ አይሰማም።

ስፒሉ ጣቴን ወጋኝ። ነጭ ቬሎ ላይ እንዳይንጠባጠብ ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩ። "የማን ነው?" አልኳት እንደዚያው ሆኜ።

"እኔ እንጃ። ዲጄዎች ናቸዋ። የአዳራሹ ዲጄ ነው ያሉኝ መሰለኝ።"

የሰፈራችን የሰርግ አዳራሽ ደግሞ ዝምታ የሚሠራበት ነው። "እኔ ጋ ሌላ የለም" ያለኝ ሰው። አሥራ አንድ ዓመት ማንም ያልሰማኝን እግሬን ሰማ፣ አምኜ ዝም አልኩት፣ እሱ ደግሞ አውጥቶ ለገበያ ሰጠው። ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ በጣውላው በኩል "ደክሞሻል?" አለኝ። አልመለስኩለትም። በማግስቱም አልመለስኩለትም። ከቅዳሜ በኋላ ደግሞ እሱም መጠየቅ ተወ። ለምን እንደተወ አላወቅሁም። ይበለው አልኩ፣ አፍሮ ነው። ቀን ከቀን አንድ ጣውላ በመሃላችን አድርገን፣ እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ፣ ሁለታችንም ዝም። ክፍሏ ከዚያ በፊት እንደዚያ ጠባ አታውቅም። ግድግዳው ላይ አንድ ቀዳዳ እንኳ ቀርቶኛል ብዬ ነበር የምኖረው፤ እሱም ተደፈነ።

*

በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ጠዋት የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ቤታችን መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። አዳራሹ አንድ ቋሚ ዲጄ ሊቀጥር ዝምታን መርጦ ነበር። ያቺ ሙዚቃ ግን መሃል ገባች። ፎቶኮፒ "የኔ ሥራ ናት" ብሎ አሰራጭቷታል፣ ዝምታ ደግሞ "እሷን እኔ ነኝ የሠራኋት" ብሏል። ፎቶኮፒ ይባስ ብሎ "በግድግዳ እየሰማ የሚሰርቀኝ እሱ ነው" አለ። ሁለቱም የሚኖሩት አንድ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ ነገሩ በአማቴ ፊት ይለይ ብሎ ነው የመጣው።

አማቴ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ፎቶኮፒ ላፕቶፑንና ስፒከሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። ዝምታ አልቀመጥም ብሎ ከበሩ አጠገብ ቆሟል፣ ሱሪው አጥሮ። እኔ ሻይ ይዤ ገባሁ። አላየኝም። እኔም አላየሁትም። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች አንዱ ሌላውን ላለማየት ምን ያህል እንደሚለፉ ያየ ያውቀዋል።

"እናቴ፣" አለ ሥራ አስኪያጁ ለአማቴ፣ "እኔ ሌባ አዳራሼ ውስጥ አላስገባም። ማን እንደሠራው ልወቅና ልሂድ።"

"ልጄ ከሠራው ልጄ ሠርቶታል" አሉ አማቴ። "ተከራዩ ከሆነ የሰረቀው፣ ሰኞ ክፍሌን ይልቀቅልኝ።"

ፎቶኮፒ ከፈተው። ቤቱ በእግሬ ድምፅ ተሞላ። የአማቴ ዐይን ጭናቸው ላይ ወረደ፣ እዚያው ቀረ።

"እስቲ ንገረኝ፣" አለው ሥራ አስኪያጁ፣ "ይሄ እየመጣ የሚሰናከለው ምንድነው?"

"እሱማ ላፕቶፔ ሲንቀራፈፍ ነው። ያረጀ ነው። በኋላ ሳየው አማረብኝና ተውኩት።"

ሠላሳ ሁለት ዓመት በዚህ ቤት ኖሯል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል። የቤቱን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም።

"አንተስ?" አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ዝምታ ዞሮ። "የሠራህበትን አሳየኛ።"

"የለኝም።"

"እንዴት የለህም? ሰው የሠራውን አያስቀምጥም?"

"አንድ ብቻ ነበር። ለሰው ሰጠሁት፣ የቀረውን አጠፋሁ።"

"ለማን ሰጠኸው? ይምጣና ይመስክርልህ።"

ዝምታ ዝም አለ።

"ድምፁስ ከየት ነው? ይሄ የሚሄደው ነገር ምንድነው?"

 ዐይኑ ወለሉ ላይ ነው። "እሱን አልናገርም" አለ በመጨረሻ። "ክፍሉን ሰኞ እለቃለሁ።"

ትሪው በእጄ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ሁሉ ነገር የገባኝ። አንድ ብቻ ነበር አለ። አንዱ ደግሞ እኔ ጋ ነበር፣ አንድ ሌሊት ከኔ ውጭ ያደረው የት እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አልሸጠውም። ይልቁንስ እሱ ነው እኔ ለዋርሳዬ ለፎቶኮፒ የሰጠሁበት የመሰለው። ያን ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ሌላ ሰው ሲያጫውተው ሰምቶ፣ በጣውላው በኩል መጠየቅ የተወው ለዚያ ነው። ያንን እያሰበ እንኳን፣ ስሙ ሌባ ሆኖ ሊቀር፣ ሥራውን ሊያጣ፣ የኔን ስም ከአፉ አላወጣም። አንድ ቃል ቢናገር ይድን ነበር። የማልወጣበት ቤት እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ እኔ ከምዋረድ እሱ ይዋረድ አለ።

ትሪውን አስቀመጥኩ።

"የኔ መኪና ናት" አልኩ።

ፎቶኮፒ ሳቀ። "እትዬ ደግሞ።"

ወደ ክፍሌ ገባሁ፣ በሩን ክፍት ተውኩት፣ ቁራጭ ጨርቅ አስገባሁና ረገጥኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ስድስት፣ ሰባተኛዋ ላይ አነከሰች። ደገምኩት። ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ጣቱን ጭኑ ላይ እየመታ ይቆጥራል።

"እሷው ናት" አለ።

ፎቶኮፒ ጅል አይደለም፤ ሰነፍ ነው እንጂ። "እንዴ፣ ታዲያ የቤታችን መኪና አይደለች?" አለ። "እኔ ነኛ የቀረጽኳት።"

"አሁን ላፕቶፔ ነው አላልክም?"

"ረስቼው ነዋ።"

ሥራ አስኪያጁ ግራ ተጋባ። ወደ አማቴ አየ፤ እሳቸው ቀና አላሉም። እኔ እዚያ ላይ ላቆም እችል ነበር። ስለ መኪናዬ ተናገርኩ፣ በቃኝ፣ ማንም ምንም አይለኝም። ዝምታን አየሁት። ራሱን ነቀነቀልኝ፣ ተይው ማለቱ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያየኝ ያን ጊዜ ነው፤ እኔንም ያደፋፈረኝ ያ ተይው ያለኝ ዐይኑ ነው።

ፍላሹን ከደረቴ አወጣሁ። ላፕቶፑ ላይ ልሰካው ስል ሥራ አስኪያጁ ተቀብሎኝ ሰካው።

"መጨረሻውን ክፈቱት" አልኩና ወደ ፎቶኮፒ ዞርኩ። "አንተ ጸጥ ሲል አለቀ ብለህ ነው የቆረጥከው። እስከ መጨረሻው አልሰማኸውም።"

ፎቶኮፒ ወደ ስፒከሩ አየ። ጸጥታው መጣ። ረጅም ነው። ሻዩ ላይ ዝንብ ሲያርፍ ይሰማል። ከዚያ የዝምታ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ይሄ ያንቺ ነው። እኔ ጋ ሌላ የለም። ምን እንዳሰረሽ አውቃለሁ። በፊት ለፊት በር ነይ።

 ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። በአርባ አራት ዓመቴ፣ አማቴ ፊት፣ እንደ አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቅዳሜ እንገናኝ" አለው ለዝምታ፣ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ፎቶኮፒ ሽቦዎቹን መጠቅለል ጀመረ፣ እየጠቀለለ ይተበትባቸዋል።

"ስማ" አለው ዝምታ፣ በለሆሳስ ነው። "ጆሮ አለህ። ከዚያ ሁሉ መሃል ይቺን መርጠህ የወሰድከው ጆሮ ስላለህ ነው። ታዲያ በሱ ለምን አትሠራበትም?"

 ከፍ ብሎ የጮኸውን ስሙን ሰፈር ሁሉ የሚያውቀው ሰው፣ ድምፁ ጠፋበት።

ዝምታ አጠገቤ ሲደርስ ቆመ።

"ሰጠሽው ብዬ ነበር" አለኝ።

"ሸጥከው ብዬ ነበር።"

"ወይ እኛ" አለ። ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም። ከዚያ ወጣ፣ በሩን ሳይዘጋው። ሰውነቴ ሁሉ ተከትሎት ወጣ፤ እግሬ ብቻ እዚያው ተተክሎ ቀረ።

*

ፎቶኮፒም ዕቃውን ይዞ ወጣ፣ ቤቱ ውስጥ እኔና አማቴ ቀረን። ሻዩን ላነሳ ስል "ተይው፣ ተቀመጪ" አሉኝ። እግራቸው ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

"ገና ሲከፍተው ነው ያወቅኋት" አሉ።

"ምኗን እማማ?"

"መኪናዋን። ልጄ የገዛት መኪና አይደለች? እንዴት አላውቃት።"

ቀና ብዬ አየኋቸው። "አውቀው ነው ሰውየው ሌባ ሲባል ዝም ያሉት?"

"እሱ ከሄደ አንቺ ትቀሪልኛለሽ ብዬ።" ዐይናቸው አልሸሸኝም። "ክፉ ሆኜ እንዳይመስልሽ። ፈርቼ ነው። ከዓመት ወዲህ አረጋገጥሽ ተለውጧል። በፊት ትሮጪ ነበር፣ ቶሎ ለመጨረስ። አሁን ትዘገያለሽ። የምታዳምጪው እንዳለሽ ገብቶኝ ነበር። ሲሰለቻት ትተወዋለች እያልኩ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።"

ብቆጣቸው ደስ ይለኝ ነበር። ቁጣውን ፈለግሁት፣ የለም። ያገኘሁት በማንኪያ ውሃ የሚያጠጡኝን ሴት ነው።

"እማማ፣ እሄዳለሁ" አልኩ።

"መቼ?"

"አሁን። ነገ ካልኩ ይቀራል።"

"መኪናዋ የልጄ ናት።"

"አውቃለሁ። እጄን ይዤ ነው የምሄደው።"

"መድኃኒቴን ማን ይሰጠኛል?"

"እኔ። ጠዋትም ማታም እየመጣሁ።"

"ከጎረቤት?"

"ከጎረቤት።"

"ሰው ምን ይላል?"

"ይበላ።"

ሊስቁ ይሁን ሊያለቅሱ አፋቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀጭን ነው፣ ግን ጠንካራ። ልነሳ ስል አልለቀቁኝም። እስኪለቁኝ ጠበቅሁ። ከውጭ የሰው ኮቴ ያልፋል፣ በተከፈተው በር የፀሐይ ብርሃን ገብቶ እግራችን ድረስ መጥቷል፣ እሳቸው ይዘውኛል። ብቆይ ይህ እጅ መቼም እንደማይለቀኝ አወቅሁ፤ እስከሚሞቱ፣ ከሞቱም በኋላ።

በሌላው እጄ ጣቶቻቸውን መፍታት ጀመርኩ። ትንሿን። ቀጥሎ የቀለበቷን። ጨርቁ እንዳይቀደድ ስፌት እንደሚተረተር፣ ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ። አልታገሉኝም፣ አላገዙኝምም። ጣታቸው በተነሳበት ሁሉ ቆዳዬ ነጭ ሆኖ ይቆይና ደሙ ሲመለስበት ያቃጥለኛል። ነፃ የወጣሁ አልመሰለኝም። ከሰው ቤት ራሷን ሰርቃ የምትወጣ ሌባ የሆንኩ ነው የመሰለኝ። አውራ ጣታቸው ላይ ስደርስ አለቀስኩ፣ ረጅም ጊዜ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩም ፈታሁት።